ዶዴካሄድሮኑን ስንት ዲግሪ ልጠምዝዘው? (የሥራ ማስታወሻ)

ቅዳሜ ከሰዓት

ኳሷን ከጎረቤት ልጅ ተውሼ ነው የጀመርኩት። የድሮው ዓይነት ናት፣ ጥቁር ፔንታጎንና ነጭ ሄክሳጎን የተሰፋባት። ልጁ «ጋሼ፣ አትበሳትም አይደል?» አለኝ፣ እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ስፒል ልሰካባት ነበር ያሰብኩት፣ በቃ ተውኩትና በፕላስተር ቁራጭ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፖየንካሬ ሉል የሚባለውን ነገር (ዶዴካሄድሮን፣ ማለት 12 ፔንታጎን ፊት ያለው ቅርጽ፣ ተቃራኒ ፊቶቹ እየተጠመዘዙ ሲጣበቁ የሚወጣው ስፔስ) ከተማሪነቴ ጀምሮ በወሬ አውቀዋለሁ፣ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ፣ ግን እስኪ አሳየን ቢሉኝ የማሳየው ነገር የለኝም። ስለዚ በካርቶን ልሠራው በኮድ ደግሞ ልፈትሸው ወሰንኩ። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ውሱን ግሩፕ ሉል ላይ እንዴት ይሠራል የሚለው ነው። ግሩፕ ሉል ላይ ይሠራል ስል ሉሉን የምናንቀሳቅስባቸው መንገዶች ስብስብ አለን፣ ሁለቱን ብናከታትል ውጤቱ እዛው ስብስብ ውስጥ ነው፣ እያንዳንዱንም መቀልበስ እንችላለን ማለቴ ነው። ነፃ አክሽን የሚባለው ደግሞ ዝም ከማለት በስተቀር የትኛውም እንቅስቃሴ አንዲትም ነጥብ ቦታዋ ላይ የማይተው ሲሆን ነው። ሁሉም ነጥብ መነሳት አለበት። ይቺ ነገር ቀላል ትመስላለች፣ ጣጣው ያለው ግን እዚችው ላይ ነው።

ኳሷን በ60 መንገድ አዙሬ ያው እንድትመስል ማድረግ እችላለሁ። 12 ጥቁር አለ፣ አንዱን ጥቁር የፈለግኩት ጥቁር ቦታ ላይ አመጣና እዛው ላይ 5 ቦታ አሽከረክረዋለሁ፣ 12 ጊዜ 5። ዘንግ በዘንግ ስቆጥረው ከጥቁር ወደ ተቃራኒ ጥቁር 6 ዘንግ አለ፣ እያንዳንዱ 4 ዙረት፣ 24። ከነጭ ወደ ነጭ 10 ዘንግ፣ እያንዳንዱ 2፣ 20። ሁለት ነጮች የሚጋጠሙበት ስፌት መሃል ላይ 15 ዘንግ፣ ግማሽ ዙር ብቻ፣ 15። ዝም ማለት 1። ሞላ። ነጩ ላይ መጀመሪያ ተሸውጄ ነበር፣ ሄክሳጎን ስለሆነ 6 ጊዜ ይዞራል ብዬ፣ ግን ጎረቤቶቹ ጥቁር ነጭ ጥቁር ነጭ እያሉ ስለሚፈራረቁ አንድ ስድስተኛ ብታዞሩት ጥቁሩ ነጭ ላይ ያርፋል። የሚዞረው 3 ብቻ ነው።

እና ሁሉም ዙረት ዘንግ አለው፣ ዘንጉ ኳሷን በሁለት ነጥብ ይወጋታል፣ እነዚ ነጥቦች አይነሱም። ነፃ የሚባል አንድም የለ። እሺ ሌላ ዘዴ ይኖር ይሆን ብላችሁ ብዙ እንዳትደክሙ፣ ኳሷ ራሷ መልሱን ይዛለች፤ 60 ማዕዘን፣ 90 ስፌት፣ 32 ቁራጭ ቆዳ፣ 60 ሲቀነስ 90 ሲደመር 32 ሁለት ይሆናል፣ የኦይለር ቁጥር። አንድ ግሩፕ በነፃ ቢሠራ ማዕዘኑም ስፌቱም ቆዳውም በግሩፑ ብዛት እኩል ይከፋፈላል (አክሽኑን የሚያከብር አከፋፈል መርጠን ማለቴ ነው)፣ ስለዚ 2 ራሱ ለግሩፑ ብዛት መካፈል አለበት። 2ን የሚያካፍሉት 1 እና 2 ናቸው፣ አለቀ። ያቺ ባለ 2ዋ ደግሞ እያንዳንዱን ነጥብ ወደ ተቃራኒው የምትልከው ናት፣ እሷን በእጅ አዙራችሁ አታገኟትም፣ እንደ መስታወት ግራና ቀኝ ትገለብጣለች። ባለ 4 ዳይሜንሽኑ ሉልም (የኳሷ ቆዳ ባለ 2 ነው) የኦይለር ቁጥሩ 2 ስለሆነ ዕጣው አንድ ነው።

እሁድ

ዛሬ አንድ ዳይሜንሽን ወደ ላይ። ባለ 3 ዳይሜንሽኑን ሉል እንዴት ታየዋለህ ለሚለኝ ሰው የምመልሰው፣ አላየውም፣ እንደ ሁለት ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ጥንድ ነው የምይዘው፣ የርዝመታቸው ስኩዌር ድምር 1 የሆነ። እዚህ የኦይለር ቁጥሩ 0 ነው፣ 0 ደግሞ ለሁሉም ይካፈላል፣ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ሁለቱንም ቁጥር በአንድ ጊዜ 72 ዲግሪ አዙሯቸው፣ ሁለቱም ዜሮ መሆን ስለማይችሉ የሚቀር ነጥብ የለም። በቃ ባለ 5 ግሩፕ በነፃ ሠራ። አንዱን 72 ሌላውን 144 ብታዞሩም ይሠራል።

አንድ ኦርቢት ላይ ያሉትን ነጥቦች (ግሩፑ አንዷን ነጥብ የሚያደርስባቸውን ሁሉ) እንደ አንድ ነጥብ ስትቆጥሩ የሚወጣው ቅርጽ ሌንስ ስፔስ ይባላል፣ ቲትዘ በ1908 ያመጣቸው ናቸው። ሌንስ በላቲን ምስር ማለት ነው፣ የመነጽሩም ስም ከዛ ነው የመጣው፣ ስለዚ «የምስር ስፔስ» ብንለው አንሳሳትም። እኔም ከቤት ሊጥ ቆንጥሬ በምስር ቅርጽ ድፍጥፍጥ አድርጌ ጠርዙን ዙሪያውን 5 ቦታ ከፋፈልኩት። የላይኛውን ፊት አንድ አምስተኛ ዙር ጠምዝዞ የታችኛው ላይ ማጣበቅ ነው፣ ይሄ ሌንስ (5፣1) ነው። ሁለት አምስተኛ ከጠመዘዝክ ሌንስ (5፣2)። እርግጥ በእውነት ማጣበቅ አይቻልም፣ የላይኛው ነጥብ ከታችኛው ጋር አንድ ነው ብለህ በምልክት ብቻ ነው የምትይዘው። ሊጡ እስከ ማታ ደርቆ ተሰነጣጠቀ፣ ቤት ውስጥም ስለባከነው ሊጥ ጥያቄ ተነስቷል።

ደስ የሚለው እነዚ ሁለቱ አንድ ቅርጽ አለመሆናቸው ነው። ፈንዳመንታል ግሩፓቸው (ቅርጹ ውስጥ ተነስተው ወደ መነሻቸው የሚመለሱ መንገዶች ግሩፕ) አንድ ነው፣ ባለ 5ቱ ሳይክሊክ፣ ማለት አንድ እንቅስቃሴ እየተደገመ የሚሠራው፣ ግን አሌክሳንደር በ1919 የተለያዩ መሆናቸውን አሳየ። (7፣1) እና (7፣2) ደግሞ ይብሳሉ፣ በሆሞቶፒ (ነጥቦችን ማዋሃድ በሚፈቅደው ልል መመዘኛ) አንድ ናቸው፣ በሆሚዮሞርፊዝም (ነጥብ በነጥብ በሚያዛምደው ጥብቅ መመዘኛ) ግን አይደሉም፣ ይሄ የሬይደማይስተር ሥራ ነው፣ 1935። አንዱን ሊጥ ጎትቼና ጨፍልቄ ሌላው ጋር ላደርሰው አልችልም ማለት ነው፣ ልዩነታቸው ደግሞ የአንድ ሰባተኛ ዙር ጉዳይ ብቻ ነው። ይቺን «ትንሽ ጠመዝማዛ ዓለም ትቀይራለች» የሚለውን ነገር እሁድ ቀን በደንብ ብይዛት ኖሮ ሐሙስ ያን ያህል ባልተሰቃየሁ።

የትኛው ግሩፕ ነው የማይችለው? ባለ 3 በባለ 3፣ ባለ 5 በባለ 5፣ እንደዚህ አንድ ዓይነት ፕራይም ሁለት ጊዜ የተደረበ ግሩፕ የትም ሉል ላይ በነፃ አይሠራም፣ ይሄን ስሚዝ በ1944 ዘግቶታል። ሚልኖር ደግሞ በ1957 ጨመረበት፣ በነፃ የሚሠራ ግሩፕ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲደገም ዝም የሚያሰኝ እንቅስቃሴ ከአንድ በላይ ሊኖር አይችልም። ወደ ኳሷ ተመለሱ እንግዲህ። ግማሽ ዙረቶቿ 15 ነበሩ። ስለዚ የኳሷ 60 ግሩፕ ስንት ዳይሜንሽን ብትጨምሩለትም በነፃ አይሠራም፣ 14 ትርፍ አለው።

ግን እጥፉ ይችላል። ባለ 120።

ማክሰኞ ማታ

ኮድ። ኳተርኒየን ማለት አራት ቁጥር ነው፣ አንድ ሪል ክፍልና አይ፣ ጄ፣ ኬ የሚባሉ ሦስት፣ ርዝመታቸው 1 የሆኑት ሁሉ ሲሰበሰቡ ባለ 3 ዳይሜንሽኑ ሉል ራሱ ናቸው። ሉሉ ራሱ ማባዛት ያውቃል ማለት ነው፣ ለዚህ ነው ይሄ ዳይሜንሽን እንደዚህ ሀብታም የሆነው። የኳሷ እያንዳንዱ ዙረት እዛ ውስጥ ሁለት ኳተርኒየን አለው፣ ፕላስና ማይነስ፣ 60 ሲታጠፍ 120።

ዝርዝሩ፦ ፕላስ ማይነስ 1፣ አይ፣ ጄ፣ ኬ፣ እነዚ 8። አራቱም ቁጥር ግማሽ ወይ ማይነስ ግማሽ የሆኑ 16። ከዛ 0፣ ግማሽ፣ 0.309 እና 0.809 ቦታ እየተቀያየሩ ከነምልክታቸው 96። እዚጋ የመጀመሪያው ስህተት። ቦታ መቀያየሩን በሁሉም መንገድ አደረግኩት፣ 216 ወጣ፣ ሁለቱን ሳባዛ ውጤቱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የሚወሰደው ኢቭን የሆነው ቅይይር (ሁለት ሁለቱን በመለዋወጥ ሲሠራ የልውውጡ ብዛት ጥንድ ቁጥር የሆነው) ብቻ ነው፣ ግማሹ። እሱን ሳስተካክል 120 ሆነ፣ ግን ብዜቶቹን ሰብስቤ ስቆጥር አሁንም ከ120 በላይ። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለግኩት። ለካስ ቁጥሮቹን ወደ ጽሑፍ ቀይሬ ነው ስብስቡ ውስጥ የምከታቸው፣ «0.0» እና «-0.0» ለፓይተን (ኮዱን የምጽፍበት ቋንቋ) እንደ ቁጥር እኩል ናቸው፣ እንደ ጽሑፍ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች። ይሄን እንዳገኘሁ መብራት ጠፋ፣ ላፕቶፑ ባትሪው የሞተ ነው፣ ሴቭ አላደረግኩም።

ረቡዕ

እንደገና ጻፍኩት፣ በዚህኛው የ5 ስኩዌር ሩትን ዴሲማል ሳላደርግ በሙሉ ቁጥር ጥንድ ያዝኩ፣ የዴሲማል ጣጣ ቀረ። ዝርዝር ከመስጠትም ይልቅ ሁለት ኳተርኒየን ብቻ ሰጠሁት፣ እነሱን እያባዛ አዲስ ነገር እስኪያጣ ይሂድ አልኩት። 120 ላይ ቆመ። እንዲህ ሲቆም የሚሰማው ደስታ ይሄን ሥራ ላልሞከረ ሰው አይገባውም።

ከዛ በሪል ክፍላቸው ደረደርኳቸው። 1 የሆነ 1፣ 0.809 የሆኑ 12፣ 0.5 የሆኑ 20፣ 0.309 የሆኑ 12፣ 0 የሆኑ 30፣ ከዛ በማይነሱ በኩል ያው ተገልብጦ 12፣ 20፣ 12፣ 1። ከ1 ሌላ በራሱ ሲባዛ 1 የሚሰጠው ማይነስ 1 ብቻ ነው። የሚልኖር ቅድመ ሁኔታ ተሟላ፣ 15ቱ ግማሽ ዙረቶች እዚህ ሲመጡ ሪል ክፍላቸው 0 የሆነ 30 ሆነው አራት ጊዜ ካልተደገሙ ዝም አይሉም።

ነፃ መሆኑን ለማረጋገጥ እንኳን ኮድ አያስፈልግም ነበር፣ ግሩፑ ከግራ እያባዛ ነው የሚሠራው፣ አንድ ነጥብ ሲባዛ ራሱን ከሰጠ አባዢው 1 ነው፣ ሌላ ምርጫ የለም። ግን በእጄ ልንካው ብዬ የለ፣ አንድ ሺህ ነጥብ በዘፈቀደ ወሰድኩና እያንዳንዱ ነጥብ ከ119 ቅጂዎቹ ለቅርቡ ምን ያህል ይርቃል ብዬ አሰላሁ። የተለያየ ቁጥር ነበር የጠበቅኩት፣ አንዳንዱ ቀረብ አንዳንዱ ራቅ ያለ። የወጣው 0.618034፣ 0.618034፣ 0.618034 ... ሺውም። ኮዱ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ነጥብ ሰጠሁት፣ ያው። ይሄ ወርቃማው ሬሾ ሲገለበጥ የሚመጣው ቁጥር ነው፣ በአንግል 36 ዲግሪ። ኳሷ ስትዞር ዘንጉ አጠገብ ያለ ነጥብ ትንሽ፣ መሃሉ ላይ ያለው ብዙ ይሄዳል፣ እዚህ ግን ሁሉም ነጥብ እኩል 36 ዲግሪ ይሄዳል። ዘንግ የሌለው ነገር እንዲህ ነው የሚንቀሳቀሰው ማለት ነው። 36ን ወረቀት ጥግ ላይ ጽፌ ከበብኳት፣ ለምን እንደከበብኳት ግን ገና አላወቅኩም።

ሐሙስ

ካርቶን። ጎኑ 7 ሳንቲሜትር የሆነ ፔንታጎን 12 ጊዜ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት በፕሮትራክተር 108 ዲግሪ እየለካሁ ሠራኋቸው፣ የመጨረሻው ጎን አልገጥም አለ። ይሻላል ብዬ ያገኘሁት ዘዴ ዲያጎናሉን መለካት ነው፣ የፔንታጎን ዲያጎናል ከጎኑ 1.618 እጥፍ ስለሆነ ለ7 ሳንቲሜትር 11.3 ይመጣል፣ በማስመሪያ አንዱን በትክክል አውጥቼ ሌሎቹን በሱ ቀደድኩ። ጆሮ ጆሮ ትቼ በኮላ አጣበቅኩ፣ ሲቆም ከወለሉ እስከ አናቱ 15 ሳንቲሜትር ተኩል አካባቢ ነው፣ ቁጭ ሲል ያምራል።

አሁን ዋናው። 12 ፊት አለው፣ ተቃራኒ ተቃራኒውን ሲያጣምሩት 6 ጥንድ። እያንዳንዱን ጥንድ በአንድ ቀለም ማርከር ቀባሁ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ወይንጠጅ። በቀዩ ፊት የወጣ ሰው በተቃራኒው ቀይ ይገባል። ግን ላዩና ታቹ ያሉት ፔንታጎኖች ፊት ለፊት አይተያዩም፣ ከላይ ሆነህ ብታይ ማዕዘናቸው ተዛንፎ አሥር ጫፍ ያለው ኮከብ ይመስላል፣ ስለዚ ለማጋጠም መጠምዘዝ ግድ ነው። አቅጣጫውም ለሁሉም ጥንድ አንድ መሆን አለበት። እሱ ላይ ትንሽ ፈርቼ ነበር፣ ከላይ ወደ ቀኝ የሆነው ከታች ሲታይ ወደ ግራ ይሆናል እያልኩ፣ ከዛ ብሎን ትዝ አለኝ። ብሎን ከየትኛውም ጫፍ ብታዩት ያው በቀኝ የሚጠብቅ ነው። ስለዚ ሁሉንም ፊት እንደ ብሎን በቀኝ እያጠበቅኩ ወደ ተቃራኒው መግፋት ነው፣ ሌላ ሐሳብ አያስፈልግም።

ከዛ ጠርዞቹ። 30 ጠርዝ አለ፣ ፊቶቹ ሲጣበቁ ጠርዞቹም በቡድን በቡድን አንድ ይሆናሉ። የትኛው ከየትኛው እንደሚሄድ ኮዱ ሰንጠረዥ አወጣልኝ፣ እኔም ሰንጠረዡን እየተከተልኩ ጠርዞቹ ላይ ፊደል ጻፍኩ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያልኩ። 10 ቡድን መሆን ነበረበት፣ በየቡድኑ 3። ሠ፣ ረ ብዬ ጠርዙ አለቀ። 6 ቡድን፣ በየቡድኑ 5።

ካርቶኑን አዟዟርኩት፣ ደግሜ ቆጠርኩ፣ ያው 6። ማዕዘኖቹ ደግሞ 20ውም አንድ ሆኑ። ይሄ ምናልባት ማኒፎልድ (የትም ቦታው ከቅርብ ሲታይ እንደ ተራ ስፔስ የሆነ) እንኳን ያልሆነ ቆሻሻ ነው ብዬ ፈተሽኩት፣ 1 ማዕዘን ሲቀነስ 6 ጠርዝ ሲደመር 6 ፊት ሲቀነስ 1 ዜሮ። ምንም አልልም፣ የተስተካከለ ማኒፎልድ ነው። ስህተት ሲሆን እንዲህ ሲያምር ያናድዳል። ሆሞሎጂውን (የቅርጹን ቀዳዳዎች በቁጥር የሚመዘግበውን) ለማውጣት ከየጠርዙ አንድ እኩልዮሽ ጽፌ ማትሪክሱን ዲያጎናሉ ላይ ብቻ ቁጥር ወደሚቀርበት ስሚዝ ኖርማል ፎርም አወረድኩት (ይሄ ስሚዝ ሌላ ስሚዝ ነው፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰውዬ)። የፖየንካሬ ሉል ቢሆን ዲያጎናሉ ላይ 1 ብቻ ነው መታየት ያለበት፣ ሆሞሎጂው ከተራው ሉል የማይለይ መሆኑ ነው እኮ ታዋቂ ያደረገው። የወጣው 1፣ 1፣ 1፣ 5፣ 5፣ 5።

ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት

ፊቴን እየታጠብኩ ገባኝ። ካርቶኑ ላይ ማዕዘኖቹን ከ1 እስከ 5 ነው የቆጠርኩት፣ ፓይተን ከ0 ነው የሚቆጥረው። ስለዚ ሁሉም ፊት በአንድ ማዕዘን አልፎ ተጠምዝዟል። ቅርብ ያለው ማዕዘን 36 ዲግሪ ላይ ነው፣ ቀጣዩ 72 ተጨምሮበት 108 ላይ። እኔ ሁሉንም በ108 ነው ያጣበቅኩት።

እና ያ «ቆሻሻ» የታወቀ ነገር ነው፣ የዛይፈርትና ቬበር ዶዴካሄድራል ስፔስ። ሁለቱ ሰዎች በ1933 ባወጡት ሥራ ሁለቱን ዶዴካሄድራል ስፔሶች ጎን ለጎን አቅርበዋቸዋል፣ ሆሞሎጂው ሦስት ባለ 5 ግሩፕ ነው፣ በትክክል ማታ ያገኘሁት። ማለት ማታ ሳላውቀው ትክክለኛ ስሌት ሠርቻለሁ፣ የተሳሳተው ቅርጹ ነው። እና የሚገርመው ያ ስፔስ ከሉል ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ሃይፐርቦሊክ ነው፣ ማለት ከሉል በተቃራኒ የጎበጠ፣ ግሩፑም ማለቂያ የለውም። አንዲት ማዕዘን ስታልፍ ከሉሉ ዓለም ጭራሽ ትወጣለህ።

ሁለት ማዕዘን ቢታለፍስ ብዬ 180ንም ሞከርኩ። ጠርዞቹ 15 ቡድን ሆኑ፣ ሁለት ሁለት፣ ማዕዘኖቹ 10፣ ሆሞሎጂው ባለ 2። ይሄ ነጥብን ከተቃራኒው ጋር አንድ የማድረግ ነገር ነው፣ የቅዳሜዋ ባለ 2 አክሽን በባለ 3 ዳይሜንሽኑ ሉል ላይ።

ከዛ በስተመጨረሻ 36። ኮዱ ላይ አንዲት ቁጥር ቀየርኩ። 10 ቡድን፣ ሦስት ሦስት። ማዕዘን 5 ቡድን፣ አራት አራት። 5 ሲቀነስ 10 ሲደመር 6 ሲቀነስ 1 ዜሮ። ዲያጎናሉ 1 1 1 1 1 1። ፊደሎቹን በነጭ ፕላስተር ሸፍኜ እንደ አዲስ ጻፍኩ፣ ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ ሸ ቀ በ፣ አሥሩም ገቡ።

ዓርብ ማታ

ለምን 36? ቀን ላይ የቆጠራ ጉዳይ መስሎኝ ነበር፣ ግን ረቡዕ ወረቀት ላይ የከበብኳት 36 ጠረጴዛዬ ላይ አፍጣ ታየኛለች።

እንዲህ አሰብኩት። 120ዎቹ ነጥቦች ሉሉ ላይ ተበትነዋል፣ እያንዳንዱ ነጥብ ለሱ የሚቀርበውን አካባቢ እንደ ግቢ ይከልል። 1 ላይ ያለው ነጥብ ቅርብ ጎረቤቶቹ ሪል ክፍላቸው 0.809 የሆነው 12ቱ ናቸው፣ ግቢው ስለዚ 12 አጥር አለው፣ አጥሮቹ ፔንታጎን ናቸው፣ ዶዴካሄድሮን ነው። ካርቶኔ ማለት ያ ግቢ ናት። ሉሉ በሙሉ በ120 እንዲህ ዓይነት ግቢ ይሞላል፣ 720 ፊት፣ 1200 ጠርዝ፣ 600 ማዕዘን፣ ለ120 ስታካፍሏቸው 6፣ 10፣ 5፣ ጠዋት በፊደል የቆጠርኳቸው።

አሁን ከ12ቱ በአንዱ ጎረቤት ከግራ እናባዛ። መሃሌ 36 ዲግሪ ተነስቶ የጎረቤቴ መሃል ላይ ያርፋል፣ የኋላ አጥሬ ከጎረቤቴ ጋር የምጋራው አጥር ላይ ይመጣል። ግን ከግራ ማባዛት ገፍቶ ብቻ አይተውም፣ ሁሉም ነጥብ እኩል እንዲሄድ በጉዞው ዙሪያ ያለውንም በዛው መጠን ያዞረዋል። 36 ከሄደ 36 ይጠመዝዛል። ብሎን! ስለዚ ጠመዝማዛው የኔ ምርጫ አልነበረም፣ ዘንግ አልባው እንቅስቃሴ ራሱ የሚያመጣው ነው። ከቀኝ ብናባዛ ደግሞ ብሎኑ በግራ የሚጠብቅ ይሆናል፣ የመስታወት ምስሉን እናገኛለን። እኔ 108 ብዬ ሳጣብቅ 36 ተጉዤ 108 ልዞር ማለቴ ነበር፣ ይሄን ዓይነት ነገር ከግራ ማባዛት አያውቅም።

ቅዳሜ

ሁለት ዶዴካሄድሮን ጨመርኩ፣ አንድ ነገር በእጄ ለማየት። ሦስቱን አንድ ጠርዝ ዙሪያ አጋጠምኳቸው። በየጠርዙ ያለው አንግል 116.57 ዲግሪ ነው (ፕሮትራክተሬ 116 ወይ 117 ይላል፣ እንደ ኮላው)፣ ሦስት ሲሆን ወደ 349.7፣ ስለዚ 10 ዲግሪ ያህል ክፍተት ይቀራል፣ ጣት ይገባበታል። ቡድኑ ሦስት ሦስት ስለሆነ ክፍተቱ መዘጋት አለበት፣ እያንዳንዱ እስከ 120 መንፋት አለበት፣ ይሄን የምትችለው ሉሉ ውስጥ ብቻ ነው፣ እዛ ውስጥ ዶዴካሄድሮን ትንሽ ወፈር ይላል። አምስት አምስት የሆነው የሐሙሱ ደግሞ 72 ይፈልጋል፣ መክሳት አለበት፣ ለዛ ነው ሃይፐርቦሊክ የሆነው። ሁለት ሁለቱ 180 ይፈልጋል፣ እዛማ ጠርዙ ጠርዝነቱ ቀርቶ የሉሉ ግማሽ ሆኗል። ሦስቱን ካርቶኖች በስኮች አስሬ መስኮት ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ክፍተቷ እንዲታይ።

ስለ ታሪኩ አጠር አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ሰው ሲያይ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ፖየንካሬ ይሄን ስፔስ ያመጣው በ1904 ነው፣ በዶዴካሄድሮን ሳይሆን በሌላ መንገድ። ከዛ በፊት ሆሞሎጂው የሉል ከሆነ ነገሩ ሉል ነው ብሎ ያምን ነበር፣ ይሄኛው ግን ሆሞሎጂው የሉል ሆኖ ፈንዳመንታል ግሩፑ 120 አባል አለው። ራሱን ራሱ አፈረሰና ጥያቄውን አጠበበው፣ ፈንዳመንታል ግሩፑም ባዶ ከሆነስ? ያቺ ጥያቄ ናት እስከ ፔሬልማን 2002 እና 2003 ድረስ ሰው ስታስጨንቅ የቆየችው። የፔሬልማን ሥራ ለኛ ጉዳይ የሚያመጣው ደግሞ ይሄ ነው፦ ባለ 3 ዳይሜንሽኑ ሉል ላይ በነፃ የሚሠራ ውሱን ግሩፕ ሁሉ፣ ምንም ያህል የተጣመመ ቢመስል፣ ኮኦርዲኔት ቀይረህ ስታየው እንደኔ 120 ቀጥ ያለ ዙረት ሆኖ ይገኛል። የተደበቀ ሌላ የለም።

ነፃ ካልሆነስ? እዛ ጋ ነገሩ ይከፋል። ቢንግ በ1952 ባለ 3 ዳይሜንሽኑን ሉል እንደ መስታወት የሚገለብጥ እንቅስቃሴ አሳየ፣ ቦታቸው ላይ የሚቀሩት ነጥቦች ደግሞ የአሌክሳንደር ቀንዳም ሉል ናቸው፣ ቀንዱ ማለቂያ የሌለው ያ ጭራቅ። እንቅስቃሴው ለስላሳ ይሁን ካልክ ጭራቁ ይጠፋል፣ የሚቀረው ክብ ከሆነም ቋጠሮ ሊሆን አይችልም፣ ይሄ የስሚዝ ግምት የሚባለው ነው (የ1944ቱ ስሚዝ)፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ የብዙ ሰው ሥራ ተገጣጥሞ ነው የተዘጋው። ባለ 4 ዳይሜንሽን ላይ ግን ጊፈን ከዛም በፊት፣ በ1966፣ የተቋጠረ ሉል ቦታው ላይ ሲቀር አሳይቷል። ያቺ ብቸኛ የሆነችው ባለ 2 ነፃ አክሽን እንኳን ባለ 4 ላይ ሌላ መልክ አላት፣ ፊንቱሸልና ስተርን፣ 1981። ካርቶን እዛ አይደርስም።

በ2003 እነ ሉሚኔ ዩኒቨርስ ራሱ የፖየንካሬ ስፔስ ቅርጽ ሊኖረው ይችላል ብለው ኔቸር መጽሔት ላይ ጽፈው ነበር፣ በኋላ የፕላንክ ሳተላይት መረጃ ላይ ምልክቱ አልተገኘም። ያሳዝናል፣ እኔ ብሆን እፈልግ ነበር።

እሁድ

የጎረቤት ልጅ ኳሷን ሊወስድ መጣ። ዙሪያዋን አገላብጦ አያት፣ ፕላስተሩን ላጥ ላጥ አድርጎ ጣለና «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለኝ ካርቶኑን። ቤት ነው አልኩት፣ 12 በር ያለው፣ በቀዩ በር ስትወጣ በሌላኛው ቀይ በር ተመልሰህ ትገባለህ። አላመነኝም። ከትርፍ ካርቶን ትንሽ ሰው ቆርጬ ሰጠሁት፣ ጭንቅላቱ ላይ ቀስት ሳልኩበት።

በቀዩ አወጣው፣ እኔ ደግሞ በተቃራኒው ቀይ አስገባሁት፣ 36 ዲግሪ አዘንብዬ። «ለምን ተጣመመ?» አለ። እንደገና አውጣው አልኩት። 72። እንደገና። 108 ላይ ሲደርስ ሳቅኩ፣ ምን እንዳሳቀኝ አልነገርኩትም። አምስተኛው ላይ ሰውዬው በጭንቅላቱ ቆሟል። ልጁ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥረኛው ላይ ቀስቷ መጀመሪያ ወደነበረችበት ዞረች። ሉሉ ላይ ብናየው በ10 ግቢ አንድ ሙሉ ዙር ዞሯል ማለት ነው፣ 120ዎቹ ግቢዎች እንዲህ ባሉ 12 ቀለበቶች ይከፋፈላሉ።

«በቢጫውስ?» አለኝ።

በቢጫውም አሥር። ኳሷን ረስቷት ሄደ፣ ማታ እናቱ ነች መጥታ የወሰደችው።